ሳሎናችን ውስጥ የገባው ባሕር

ወንድሜ የሳሎናችንን ወለል ሊያስቆፍር እንደሆነ ሲነግረኝ ቀልድ መሰለኝ። «ማንን ልትቀብር ነው?» አልኩት። ምላሴ እንዲህ ነው፤ ከሐሳቤ ቀድሞ ይወጣል። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ሜትሩን ወለሉ ላይ እየዘረጋ፣ «ውሃው ብቻ አራት ቶን ሊጠጋ ነው። ሴራሚኩ አይችለውም፤ ከሥሩ ብረት ያለው ኮንክሪት መሞላት አለበት» አለኝ።

በማግስቱ ሁለት ግንበኞች መጥተው ከመስኮቱ ሥር ርዝመቱ ከሦስት ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ከጉልበት የሚያልፍ ጉድጓድ ቆፈሩ። ቀዩ አፈር ሶፋው አጠገብ ተከመረ። ጎረቤታችን ያለችው ባለሱቅ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጥታ በመስኮት ስታይ፣ ወንፊቱን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ሳትገባ ተመለሰች። ያኔ ስቄባታለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ከኛ ቤት ዓይነት ብዙ አለ፤ ልጅ ጆበርግ ሄዶ የሠራው፣ ሴራሚኩ የሚያዳልጥ፣ ሳሎኑ ለሠርግ የሚበቃ ቤት። የኛን የሠራው ይኸው ወንድሜ ነው። እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ትዳሬ አልሆን ብሎኝ ወደ እናቴ ከተመለስኩ ቆየሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሁለት ወንድሞቼ በአንድ ማለዳ ከመናኸሪያ ተሳፈሩ። ታላቁ ሃያ ስድስት፣ ታናሹ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ታላቁ ደረሰ፤ ታናሹ አልደረሰም።

ታላቁ ከወራት በኋላ ስልክ ሲደውል፣ ከሞዛምቢክ ወዲህ ባለው ባሕር ዳር ደላሎቹ በሁለት ጀልባ እንደከፋፈሏቸው፣ የታናሹ ጀልባ ሌላ ቦታ ሳይወርድ እንዳልቀረ፣ ምናልባትም እስር ቤት እንደሚሆን ነገረን። የጀልባውን ቀለም ሳይቀር ነገረን። ወንድሜ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ዝርዝር ያበዛል። እኔ ውሸቱን በዚያ ቀለም አወቅሁት። አውቄም ዝም አልኩ፤ ፈሪ ነኝ፣ ብጠይቀው መልሱን ለእናቴ የማደርሰው እኔ ልሆን ነዋ!

እናቴ ስለዚህ አላለቀሰችም። መርዶ ያልተነገረው ሰው አያለቅስም፤ ድንኳን አይጥልም፤ ፀጉሩን አይላጭም። በየዓመቱ ለአዲስ ዓመታችን፣ ለያሆዴ፣ ሥጋ ሲመተር የትንሹን ድርሻ ለብቻ አድርጋ ሦስት ቀን ታቆይለታለች። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ ሰው አለ ሲባል ሆመቾም ይሁን ዱራሜ ተሳፍራ ሄዳ ፎቶውን ታሳያለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ አለ ወይስ የለም? መልሱ አንድ ሰው አፍ ውስጥ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ባለፈው ዓመት ተመልሶ መጥቶ ሳሎናችንን ያስቆፍራል።

ምክንያቱን ስጠይቀው ሥራ ነው አለኝ። ደርባን ውስጥ በየሀብታሙ ቤትና በየሆቴሉ ትልልቅ የጨው ውሃ የአሣ ገንዳ ለሚሠራ ሰው ስድስት ዓመት ተቀጥሮ ነበር። ኮራሉን፣ አሣውን፣ ውሃውን ያውቃል። «አንዱን ቤታችን ልሥራና ሰው ይየው፤ ከዚያ ሆቴሎቹ ራሳቸው ይመጣሉ» አለ። አያይዞም ዞር ብሎ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ፣ «ባሕሩን ትቼው መምጣት አልቻልኩም» አለ። እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ።

ጉድጓዱ በተቆፈረ በሦስተኛው ቀን መስታወቱ ከአዲስ አበባ መጣ። አምስት ወፍራም መስታወት በአንድ ረጅም የእንጨት ሣጥን ታሽጎ፣ በአይሱዙ፣ ሸራ ለብሶ። እንዳይሰበር ሹፌሩ ከመናኸሪያው ጀምሮ የግራና የቀኝ ፍሬቻውን እያበራ እግረኛ እስኪቀድመው ድረስ በዝግታ ነዳው። ወንድሜ ከኋላ ከሣጥኑ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ አቧራውን ሽሽት ፊቱን በሻርፕ ሸፍኖ፣ እጁን ሣጥኑ ላይ አድርጎ።

በኛ ከተማ ይህ ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ከጆበርግ ሬሳ የሚመጣው እንዲህ ነው። ሣጥን፣ ሸራ፣ ቀስ የሚል መኪና፣ ፊቱን የሸፈነ ወንድም። ባለሱቋ ደግሞ ጉድጓዱን አይታለች፤ ያየችውንም ለሰፈሩ አውርታለች። መኪናው ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈራችን ሳይታጠፍ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ።

እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አንዲት ባልደረባዬ በር ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ከዓይኔ እያሸሸች፣ «ቤት ሂጂ እስኪ» አለችኝ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ሂሳብ አልቀበልም አለኝ።

ስደርስ ወንዶቹ የድንኳኑን ቋሚ እየተከሉ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞልተዋል፤ አንዳንዶቹ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። እናቴ ከጓሮ በኩል መጣች፤ እጇ እርጥብ ነው፣ ጎመን ስታጥብ ነበር። ሴቶቹ ሲያዩዋት ጩኸቱ ጨመረ። እሷ ግን መሐላቸው ቆማ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ማነው የሞተው?» አለች።

መርዶ እንዲህ አይነገርማ! በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ተቀምጦ፣ ሰው ግራና ቀኝ ይዞት ነው። አንዱ አንዱን አየ። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ፣ ሰባ ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው በራችን ላይ ወደቆመው አይሱዙ ቀረቡና ለወንድሜ፣ «ልጄ፣ አንተው ንገራት» አሉት።

ወንድሜ ከመኪናው ወረደ። ሻርፑን ከፊቱ አወረደ። አፉ ሲከፈት አይቻለሁ፤ ሊናገር ነበር፣ ቃሉ ጥርሱ ጋ ደርሶ ነበር፣ በዚህ እምላለሁ። «እማዬ…» አለ።

«ማንም አልሞተም» አለ። «መስታወት ነው። የአሣ ቤት መስታወት።»

እናቴ «ክፈቱት» አለች። በፒንሳ ሚስማሩን እየነቀሉ ክዳኑን አነሱት። እውነትም መስታወት ነበር። ጠጋ ብለው ሊያዩ የመጡት ሴቶች ሁሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ፣ ዓይኑ ያበጠ ፊታቸውን ሣጥኑ ውስጥ አዩት። አንዷ «ወይኔ!» ብላ ወደ ኋላ አለች። ቀስ በቀስ፣ አንዷ ሌላዋን ሳታይ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው መልበስ ጀመሩ። የድንኳኑ ቋሚ ተነቀለ። የእድሩ ዳኛ ሊወጡ ሲሉ ለኔ፣ «ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ የሚመለስበት ደንብ የለንም፤ ገጥሞንም አያውቅም» አሉኝ። እንደ ይቅርታ ነበር የተናገሩት።

ማታ እራት ላይ እናቴን «ተቆጣሽ?» አልኳት። «ምን ያስቆጣኛል?» አለች። «ግን ልብ ብለሻል? ማን እንደሞተ አንዳቸውም ሳይጠይቁ ነው ያለቀሱት።» ወንድሜ ጉርሻውን ሳይውጠው ተነስቶ ወጣ።

ጉድጓዱ ኮንክሪት ተሞልቶ ሲደርቅ ገንዳው ተገጠመ። ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ከፍታው አንድ ሜትር። መስታወቱን ያጣበቀው ሲሊኮን እስኪደርቅ ድረስ ባዶውን ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ከረመ። ቀጥሎ ውሃ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሮቶ ሞልተን፣ ከሮቶው በማጣሪያ አሳልፈን፣ ክሎሩም ማዕድኑም ተለቅሞ የወጣለት፣ ምንም የሌለበት ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ለመሙላት ሃያ ቀን ፈጀ። እኔ መጀመሪያ አላግጥ ነበር፤ «አሞሌ ጨው ልግዛልህ?» ስለው ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቀስ እያልኩ ግን ገባሁበት። ለአንድ ሊትር ሠላሳ አምስት ግራም፤ ለዚህ ሁሉ መቶ ሃያ ስድስት ኪሎ። በኬሻ ከውጭ የመጣውን የባሕር ጨው እሱ ይጨምራል፣ እኔ እለካለሁ። ልጅ ሆነን ሦስታችን አብረን ስንሠራ እንደነበረው ይመስለኝና ሦስተኛውን ቀና ብዬ እፈልጋለሁ።

ጨዉ ሟሙቶ ውሃው ሲጠራ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር አይቼ አላውቅም። እዚህ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ ባሕር ቀመስኩ። ምራቄን ብውጠው ብውጠው ምሬቱ አልሄድ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደስ አይሉም። ወንድሜ ሞገድ የሚሠሩትን ፓምፖች ከፈተ፤ ሰማያዊውን መብራት አበራ፤ የቀን ብርሃን አልጌ ያበዛል ብሎ መጋረጃውን ዘጋ። ውሃው ውስጥ ግን ምንም የለም። ነጭ አሸዋና ባዶ ውሃ ብቻ፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። ረቡዕ ከሰዓት እናቴ ጋ የሚጸልዩት ሴቶች ገብተው፣ በጠራራ ፀሐይ ሰማያዊ ሆኖ የጨለመውን ሳሎን ሲያዩ መዝሙሩ አፋቸው ላይ ቀረ። አንዷ «ምን አለበት?» አለች። «ገና ነው፣ ምንም የለበትም» አለ ወንድሜ። «ታዲያ ምንድን ነው የሚያንቀሳቅሰው?» አለችና ከዚያ ቀን ወዲህ ጸሎቱ ሌላ ቤት ሆነ።

አንድ ቀን ከሐዋሳ የመጣ ቆሮሶ ገዝቶ አንድ ሙሉ አሣ እንዳለ ውሃው ውስጥ ጣለው። እንዲበሰብስ ነው። ኬሚስትሪውን አውቀዋለሁ፤ የሚበሰብሰው ነገር አሞንያ ያወጣል፣ አሞንያውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ እነሱ ሳይኖሩ ምንም ነገር እዚያ ውስጥ በሕይወት አይቆይም። «አሞንያ እኮ ከላብራቶሪ ላመጣልህ እችላለሁ፤ ቤቱን ለምን ታገማዋለህ?» ብለው፣ «አይሆንም፤ መጀመሪያ የሞተ ነገር ያስፈልገዋል» አለኝ። በአራተኛው ቀን ሽታው መኝታ ቤቴ ደረሰ። ቆጮውም እንጀራውም ያንን ይሸታል። እናቴ ግን አፍንጫዋን እንኳ አልያዘችም። ወንበሯን ስባ ከገንዳው ፊት ተቀምጣ፣ አሣው በፓምፑ እየተገፋ ከዳር ዳር ሲንከባለል፣ ሥጋው እየላላ ሲሄድ ትመለከታለች። «እማዬ፣ ተይ ተነሺ» ስላት፣ «ቆይ እስኪ» ትለኛለች።

ቀጥሎ ጨዉ ወጣ። ሞገዱ የሚረጨው ጠብታ እየደረቀ በመስኮቱ ፍርግርግ ላይ፣ በሶፋው ክንድ ላይ፣ በመጽሐፍ ቅዱሱ ሽፋን ላይ ነጭ ሆኖ በቀለ። ጠዋት ብጠርገው ማታ ተመልሶ አገኘዋለሁ። ግድግዳው ያልበዋል። የትንሹ ወንድሜ ፎቶ ለገንዳው ሲባል ከመስኮቱ በላይ ተነስቶ በሩ አጠገብ ተሰቅሎ ነበር፤ እዚያም ደርሶ መስታወቱን ከዳር ጀምሮ ነጭ አለበሰው። እናቴ በጣቷ ጠርጋ ጣቷን ላሰች። እኔ እያየሁ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ኮራል ያለባቸው የባሕር ድንጋዮች መጡ። አዲስ አበባ ላሉ ሆቴሎች ከነፈቃዱ አሣና ኮራል የሚያስመጣ ሰው አለ፤ ከእሱ የተገዙ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልለው በስድስት የስታይሮፎም ሣጥን የታሸጉ። መናኸሪያ ስቀበላቸው አንዱ ተሸካሚ ሣጥኑን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ውስጡ የሆነ ነገር እየተንቀጫቀጨ ነው፤ እኔ አልሸከምም» ብሎኝ ቁጭ አደረገው። እውነቱን ነው። ድንጋይ ይባላል እንጂ ቀዳዳው ሁሉ ሰው አለበት፤ ሰው ስል ትል፣ ሸርጣን፣ ስሙን የማላውቀው ነገር። ወንድሜ በልኩ እየደረደረ ውሃው ውስጥ አስቀመጣቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንዳው ያንኳኳል። ጣ! ይላል፤ ዝም። ቆይቶ ጣ! ጣ! ጥፍር መስታወት ላይ ሲመታ እንዲህ ነው የሚሰማው። ወንድሜ ድንጋይ ውስጥ የምትደበቅ፣ ጥፍሯን የምታጮህ ትንሽ ሽሪምፕ፣ የሸርጣን ዘመድ፣ ናት አለ፤ አንድም ቀን ግን አይተናት አናውቅም። እናቴ ሲንኳኳ ከየትም ሆና ቀና ትላለች። አንድ ከሰዓት፣ የልጆች ፈተና እያረምኩ፣ ጣ! ሲል ከጓዳ ሆና በሃዲይኛ «ግባ፣ ክፍት ነው» ስትል ሰማኋት። በሩን ማለቷ ይሆናል፤ በሩ ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው።

ኮራሎቹ ሲከፈቱ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ድንጋይ የሚመስል እንስሳ ነው፤ መብራቱ ሲበራ ከውስጡ አበባ አበባ እያለ ይወጣል፤ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ የብርቱካን ቀለም። ባክቴሪያው በበቂ መራባቱን ለክቼ እሺ ስል ወንድሜ ሰባት አሣ አስገባ። ሰው ልጁን ይዞ ሊያይ መምጣት ጀመረ። የአንድ ሆቴል ባለቤት እንኳ መጥቶ ዋጋ ጠየቀ። ወንድሜ ሊጠግብልኝ ነው፣ ሊወፍርልኝ ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አንድ ጠዋት አሣዎቹ ስድስት ሆኑ። ቢጫው ጠፋ። በማግስቱ አምስት። ወለሉ ላይ ዘሎ እንደሆነ ሶፋውን ሁሉ አነሳን፤ የለም። ውሃው ላይ አይንሳፈፍም፣ አሸዋው ላይ አይታይም። በሦስተኛው ቀን ሌላ አንድ ጠፋ። እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና ታየናለች።

«የት ሄዱ?» አለች።

«ሞተው ነው፣ እማዬ» አለ ወንድሜ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው ነክሮ ድንጋይ ሥር እየዳበሰ። «ወይ ታመው ነው፣ ወይ የሆነ ነገር ይዟቸው ነው።»

«ሬሳቸውስ?»

«አይገኝም። ሸርጣኑ አለ፣ ትሉ አለ። ሳይነጋ ይበሉታል።»

«አጥንቱስ?»

«አጥንቱንም። ባሕር ውስጥ ምንም አይቀ…»

እጁን ከውሃው አላወጣውም። እንዳጎነበሰ ቀረ። እኔ ቁልቁል አየሁ፤ የሚታይ ነገር ስለሌለ የራሴን ጫማ አየሁ።

እናቴ ቀስ ብላ፣ «ቢጫውን ፈልግልኝ» አለችው። «ሬሳውን ካላየሁ ሞቷል አልልም።»

ኧረ የአሣ ነገር ነው፣ ተይው ልላት ስል፣ ወንድሜ ሸሚዙን አወለቀ። መሰላል አምጥቶ ወደ ገንዳው ወጣና ሙሉ ሰውነቱን ውሃው ውስጥ አስገባ። ደርባን እያለ ትልልቆቹን ሲያጸዳ እንዲህ ያደርግ እንደነበር ነግሮኛል፤ በአፉ የሚተነፍስበትን ቱቦ ነክሶ፣ በሆዱ ተኝቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሳ ከሥራቸው ያያል። ውሃው ከዳር እስከ ዳር ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ኮራሎቹ ሁሉ ተሸማቅቀው ተዘጉ። እናቴም ወንበሯን አቀረበች።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር ፈለገ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። «በቃህ፣ ውጣ» ብዬ መስታወቱን ብደበድብ አይሰማም፣ ወይም እንዳልሰማ ይሆናል። በአንድ ወቅት ፍለጋውን አቆመ። ክንዶቹን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ፣ ሞገዱ ወዲያና ወዲህ ሲገፋው ዝም ብሎ ተንሳፈፈ። ሰማያዊው መብራት ጀርባው ላይ ነው። እግሩ መስታወቱን ነካ፣ ተመለሰ፤ ነካ፣ ተመለሰ። ቱቦውን ባላይ ኖሮ ጮኼ ጎረቤት እጠራ ነበር። እናቴ ከወንበሯ ተነሳችና መዳፏን መስታወቱ ላይ፣ ከፊቱ ትይዩ አስቀመጠች። ብዙ ቆመች። ከዚያ ዞር ብላ «አውጪው» አለችኝ። ጎትቼ አወጣሁት። በእጁ ምንም አልያዘም።

በዚያው ቀን ማታ እናቴ መኝታ ቤቴ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የእድሩን ዳኛና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በማለዳ እንድጠራላት ነገረችኝ።

«ለምን?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

«ለመርዶ።»

«እማዬ፣ ታውቂያለሽ እንዴ?»

«ሁለት ልጅ ልኬ፣ አንዱ ተመልሶ ዓይኔን ማየት ካቃተው እንዴት አላውቅም? እኔ እሱ የተመለሰ ዕለት አውቄያለሁ። ጓሮ ሄጄ፣ ጎመኑ መሃል፣ ለብቻዬ ለቅሶዬን ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ሽማግሌ ለማን ነው የምትጠሪው?»

እንደ ሞኝ ነው ያየችኝ። «ለወንድምሽ ነዋ» አለች። «እሱን ማንም አላረዳውም።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊል ሲል መጡ። ወንድሜ ሶፋው ላይ፣ ገንዳው ፊት ነበር የተኛው፤ ከመጣ ጀምሮ አልጋ ላይ ተኝቶ አያውቅም። በሩ ሲከፈት ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ ቀጥሎ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችውን እናቴን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የተደረሰበት መስሎት ነው፤ እሱ ሊነግራት ያልቻለውን ሌላ ሰው ነግሯት፣ ለእሷ ሊያለቅሱ የመጡ መሰለው። ሊነሳ ሲል አንዱ ሽማግሌ በቀኙ፣ አንዱ በግራው ተቀምጠው ክንዱን ያዙት። መርዶ የሚነገረው ሰው እንደሚያዘው ያዙት።

«እሷን ያዟት እንጂ!» አለ። «እኔን ለምን ትይዙኛላችሁ?»

የእድሩ ዳኛ ቆባቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ አይዞህ» አሉት። «እግዚአብሔር ያጽናህ። ወንድምህ አርፏል። ባሕር ላይ ነው ያረፈው።»

ከወንድሜ የወጣው ድምፅ እንዲህ ነበር ብዬ ልጽፈው አልችልም። ዘጠኝ ዓመት የቆየ ድምፅ ነው። ጎረቤት ሁሉ ነቃ። ሽማግሌዎቹ ክንዱን አጥብቀው ያዙት፤ እኔ ግድግዳውን ይዤ ሳለቅስ እጄ ጨው በጨው ሆነ። እናቴ ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ከትናንት የፈሰሰው ውሃ ገና አልደረቀም። ጠበቀችው።

ሲችል ተናገረ። አንድ ጀልባ ነበር እንጂ ሁለት አልነበረም። የተገለበጠው በምሽት ነው። ትንሹ መዋኘት አይችልም፤ የኛ አገር ልጅ የት ለምዶት?

«ከኋላዬ ጃኬቴን ይዞ ነበር» አለ። «‹እንዳትለቀኝ› ይለኛል። ሁለታችንም ወደ ታች መሄድ ጀመርን። ውሃው አፌ ገባ። ጃኬቱን አወለቅሁት። እማዬ፣ እሱ እንደያዘው ጃኬቱን አወለቅሁት።»

የእድሩ ዳኛ ቆባቸውን እጃቸው ላይ ያዟዙሩታል። እኔ እናቴን ማየት ፈራሁ፤ ምን እንደምትለው ፈራሁ፤ ብትረግመው ቤታችን ያን ቀን ያልቅ ነበር።

«ከዚያስ፣ ስንት ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆየህ?» አለችው።

«እስኪነጋ።»

«ያለ ጃኬት?»

«ያለ ጃኬት።»

እናቴ በጉልበቷ ተጠጋችው። «በርዶሃል፣ ልጄ» አለችው። «በጣም በርዶሃል» እያለች ክንዶቹን በሁለት እጇ ታሽለት ጀመር።